«አለቀለት» የተባለው የፊላዴልፊያ ማፊያ ዛሬ ምን ያህል ጉልበት አለው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

እኛ ሀገር «ማፊያ» የሚለውን ቃል የማንለጥፍበት ነገር የለም። የመሬት ማፊያ፣ የሲሚንቶ ማፊያ፣ የዶላር ማፊያ… ፋይል የሚያጉላላ የወረዳ ሠራተኛ ሳይቀር ማፊያ ይባላል። ቃሉ ስድብ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። በስድብ ደግሞ ምንም አይለካም፤ ማን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ጉልበቱን ከየት እንደሚያመጣው አይነግረንም። ስለዚህ ዛሬ አስምሎ አባል ስለሚቀበለው፣ አለቃ፣ ምክትልና አማካሪ ስላለው ስለ ትክክለኛው ማፊያ ላውራችሁ። የኒውዮርኮቹን አምስት ቤተሰቦች በፊልም ጠግባችኋቸዋል፤ እነሱን ተዉአቸው። የማወራው ከኒውዮርክ በስተደቡብ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚርቀው የፊላዴልፊያና የደቡብ ኒው ጀርሲ ቤተሰብ ነው።

ይህን ቤተሰብ የመረጥኩት «አለቀለት» ሲባል የኖረ ስለሆነ ነው። በ1988 አለቃው ከ16 ሰዎቹ ጋር ሲፈረድበት አለቀለት ተባለ። በ1995 ተተኪው ሲፈረድበት ያው ተባለ። በ2001ም እንደዚያው። ከዚያ ኖቬምበር 2020 ላይ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ብቅ ብሎ 15 ሰዎችን ከሰሰ። ክሱ ውስጥ በ2015 ደቡብ ፊላዴልፊያ ውስጥ አዳዲስ አባላት ሲምሉ በድብቅ የተቀረጸ ድምፅ ተጠቅሷል። የሞተ ቤተሰብ አዲስ አባል ያስምላል እንዴ?

በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን የታሰረውን፣ የሞተውን፣ የከዳውን ይቆጥርና «አበቃ፤ የቀሩት ሽማግሌዎች ናቸው» ይላል። ሌላው ወገን ጸጥታውን ያይና «ዝም ያለ ማፊያ ነው የሚያስፈራው፤ ብልሆች ስለሆኑ አድፍጠዋል» ይላል። ይሄኛው በዩቲዩብ ብዙ ተመልካች አለው። ዐቃቤ ሕጎችም ጋዜጣዊ መግለጫ በሚሰጡበት ቀን ወደዚያ ማዘንበላቸው አይቀርም፤ ትልቅ አውሬ ያዝን ማለት ደስ ይላላ።

እኔ የሁለቱም ሚዛን ልክ አይደለም ባይ ነኝ። የማፊያ ቤተሰብ ጉልበት የሚገኘው አባል ካልሆኑ ሰዎች ዘንድ ነው። ያልማለ፣ ሽጉጥም ያልተደቀነበት ሰው «እንትና ብሏል» ሲባል ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ያ ቤተሰብ ኃይለኛ ነው። ዳኛው፣ የምክር ቤት አባሉ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ መሪ፣ ኮንትራክተሩ ማለቴ ነው። እነዚህ ከእጁ ከወጡ መቶ አባል ቢያስምል የሰፈር ጎረምሶች ስብስብ ነው። በዚህ ሚዛን ካየነው የፊላዴልፊያው ቤተሰብ እንደ ኃይል የሞተው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ቀሪው ትልቅ ስም ያለው ትንሽ ንግድ ነው። ግን ትንሽ ንግድ መሆኑ ለሁሉም ሰው ትንሽ ያደርገዋል ማለት አይደለም፤ እዚያ ላይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሬሳ መቁጠር ለምን እንደማያዋጣ ላሳያችሁ።

አንጄሎ ብሩኖ ቤተሰቡን ከ1959 እስከ 1980 መራ። ሲሲሊ ተወልዶ ፊላዴልፊያ ያደገ ሰው ነው። ጋዜጦች «ገራሙ ዶን» ይሉት ነበር። ገራም ማለት ሰው አያስገድልም ማለት ሳይሆን ሳያስፈልግ አያስገድልም ማለት ነው። በእሱ ሃያ ዓመታት ከተማው ውስጥ የማፊያ ግድያ ብርቅ ነበር። ሬሳ ቆጣሪው ሰው በ1970 ፊላዴልፊያ ቢሄድ «እዚህ ማፊያ የለም» ብሎ በተመለሰ። ቤተሰቡ ግን ደህና አድርጎ ነበረ፤ ውርርዱም፣ አራጣውም፣ ማኅበራቱም ውስጥ።

ማርች 21 ቀን 1980 ብሩኖ ቤቱ ደጃፍ መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ ከኋላ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ነገሩን የጠነሰሰው የገዛ አማካሪው አንቶኒዮ ካፖኒግሮ ነበር። የኒውዮርኮቹን ፈቃድ አግኝቻለሁ ብሎ ነበር የተነሳው፤ አላገኘም። ከአንድ ወር በኋላ ሬሳው ኒውዮርክ ውስጥ ከመኪና ኮፈን ተገኘ፤ አካሉ ውስጥ የብር ኖት ተጎስጉሶበታል፤ ስግብግብነትህ ነው ለማለት። ቀጥሎ አለቃ የሆነው ፊል ቴስታ ዓመት አልቆየም፤ ማርች 1981 ቤቱ በረንዳ ላይ ሚስማር የተሞላ ቦምብ ፈነዳበት።

ከዚያ ኒኮዴሞ ስካርፎ መጣ። ቁመቱ አጭር፣ ቁጣው የማይጣል ነው። በእሱ ዘመን ከሃያ በላይ ሰው ተገደለ። ሬሳ ቆጣሪው አሁን ቢመጣ «ይህ ቤተሰብ እንደዚህ ኃይለኛ ሆኖ አያውቅም» ይላል። ነገሩ ግን ከስሩ እየተበላ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ስካርፎ በ1960ዎቹ ወደ አትላንቲክ ሲቲ ተገፍቶ የሄደ ሰው ነው። አትላንቲክ ሲቲ ያኔ የደኸየች የባሕር ዳር ከተማ ነበረች፤ እዚያ መላክ እንደ ግዞት ይቆጠር ነበር። በ1976 ግን የኒው ጀርሲ ሕዝብ ካሲኖ እንዲፈቀድ ድምፅ ሰጠ፤ የመጀመሪያው ካሲኖ በ1978 ተከፈተ። ግዞተኛው ሳያስበው ወርቅ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ካሲኖው ውስጥ መግባት አልቻለም፤ የኒው ጀርሲ መንግሥት ፈቃድ አሰጣጡን ጠበቅ አድርጎት ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? በዙሪያው ገባ። በእህቱ ልጅ በፊል ሊዮኔቲ የሚመራ የኮንክሪት ድርጅት ነበረው፤ የብረት ሥራ የሚሠራም ሌላ ድርጅት ነበረ። ሕንፃ ያለ ኮንክሪትና ያለ ብረት አይቆምም። የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ቁጥር 54 ላይም እጁን አስገባ፤ ካሲኖ ደግሞ ያለ አስተናጋጅና ያለ አልጋ አንጣፊ አንድ ቀን አይውልም።

ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ። በ1982 የተመረጠው የአትላንቲክ ሲቲ ከንቲባ ማይክል ማቲውስ ከስካርፎ ሰዎች ጋር ተሳስሮ ተገኘ። በ1984 ሕዝቡ በድምፅ አነሳው፤ በዚያው ዓመት በሙስና ወንጀል ጥፋተኝነቱን አምኖ እስር ቤት ገባ።

ፊላዴልፊያም እንደዚያው ነበረ። የጣሪያ ሠራተኞች ማኅበር ከስካርፎ ሰዎች ጋር ቅርብ ነበር። ኤፍቢአይ የማኅበሩን ቢሮ ሲጠልፍ መሪዎቹ ለከተማዋ ዳኞች በየፖስታው ጥሬ ገንዘብ ሲያድሉ ተሰሙ። ለገና በዓል ስጦታ ነው ይሉታል። ገንዘቡ በየፖስታው ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ አንድ ዳኛ ለዚህ ብሎ ስሙን መሸጡ ይገርመኛል። በዚህ የተነሳ በ1980ዎቹ መጨረሻ 15 ያህል ዳኞች ከችሎት ታገዱ።

ከንቲባ፣ ዳኛ፣ የካሲኖ ሠራተኞች ማኅበር። ጉልበት ማለት ይሄ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው የቤተሰቡን መሐላ የፈጸመ አንድም የለም።

አወዳደቁም እዚያው ውስጥ ነው። በ1986 ዊላርድ ራውዝ የሚባል የታወቀ ሕንፃ አልሚ በዴላዌር ወንዝ ዳር ትልቅ ፕሮጀክት ሊሠራ ነበር። (ይሄ ሰው የፊላዴልፊያን ያልተጻፈ ሕግ የሰበረው ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጫፍ ካለው ከዊልያም ፔን ሐውልት ባርኔጣ በላይ ሕንፃ አይቆምም የሚለውን።) ፕሮጀክቱ የከተማው ምክር ቤት ውሳኔ ያስፈልገዋል። የስካርፎ ሰው ኒኮላስ ካራማንዲና የምክር ቤት አባሉ ሌላንድ ቤሎፍ ተስማምተው አንድ ሚሊዮን ዶላር ጠየቁት። ራውዝ ምን አደረገ? ኤፍቢአይ ጋ ሄደ።

እዩት እንግዲህ። ቤተሰቡ ያን ጊዜ የምክር ቤት አባል በኪሱ አለው፣ ገዳዮች አሉት፣ ስሙ በየቀኑ ጋዜጣ ላይ ነው። አንድ ነጋዴ ግን ቁጭ ብሎ አሰበና «መንግሥት ከእነዚህ ይበልጣል» አለ። ከሃያ ዓመት በፊት እንደዚህ የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት ነበር። ከዚህች አንዲት «እምቢ» በኋላ ካራማንዲ ተያዘ። ካራማንዲ ደግሞ አለቃው ሊያስገድለው ይችላል ብሎ ስለፈራ መንግሥት ጋ ገባ። ቶማስ ዴልጆርኖ የሚባለውም በተመሳሳይ ፍርሃት ከድቶ ነበር። ስካርፎ ያን ሁሉ ሰው ያስገደለው እንዲፈራ ነው፤ የፈሩት ግን የራሱ ሰዎች ሆኑና ፍርሃታቸው ወደ ኤፍቢአይ አሯሯጣቸው። ቤሎፍ በ1987 ተፈረደበት። በ1988 ስካርፎና 16 ሰዎቹ ተፈረደባቸው። በ1989 የእህቱ ልጅና ምክትሉ ሊዮኔቲ ራሱ ከዳው። ማኅበር ቁጥር 54 በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተቆጣጣሪ ተቀመጠበት። ስካርፎ ጃንዋሪ 2017 በ87 ዓመቱ ከእስር ሳይወጣ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ እኔ ግን ቶሎ ልለፈው፤ ድምፁ እንጂ ክብደቱ ብዙ አይደለም። ጆን ስታንፋ አለቃ ሆነ፤ ብሩኖ በተገደለባት ምሽት መኪናውን ይነዳ የነበረው ራሱ ስታንፋ ነው። የሰፈሩ ወጣቶች በጆይ ሜርሊኖ ዙሪያ ሆነው አመፁበት። በ1993 በጠራራ ፀሐይ በዋናው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎኑ ለጠመንጃ አፈሙዝ ተበስቶ ከተዘጋጀ መኪና ተኩስ ተከፈተበት። ስታንፋ በ1994 ታሰረ፣ በ1995 ተፈረደበት። ቀጥሎ ራልፍ ናታሌ መጣ፤ እሱም በ1999 ገደማ መንግሥት ጋ ገብቶ በሜርሊኖ ላይ መሰከረ። መስካሪ አለቃ በአሜሪካ ማፊያ ታሪክ ከዚያ በፊት አልተሰማም። በ2001 ዳኝነቱ ሲያልቅ ሜርሊኖ ከግድያዎቹ ነጻ ወጣ፤ በሌሎቹ ክሶች 14 ዓመት ተፈረደበት።

በዚህ ሁሉ ጦርነት ውስጥ የምክር ቤት አባል ሰማችሁ? ዳኛ ሰማችሁ? የሚተኮሰው ሁሉ የሰፈር ሰው በሰፈር ሰው ላይ ነው። ጎዳና ላይ የሚታኮስ ቤተሰብ ኃይለኛ ይመስላል፤ ግን የሚጣላው ሌላ የሚጣላለት ነገር ስላጣ ነው።

እና አሁን «አድፍጠዋል» የሚሉት ሰዎች የሚወዱት ጊዜ ይመጣል። ከ2001 በኋላ ጆሴፍ ሊጋምቢ ቤተሰቡን መራ ይላል መንግሥት። ጸጥ አለ። በ2011 ተከሰሰ፤ ሁለት ጊዜ ችሎት ቀረበ፤ ሁለት ጊዜም ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች በዋናው ክስ መስማማት አቃታቸው፤ በ2014 መጀመሪያ መንግሥት ክሱን አንስቶ ለቀቀው። «አያችሁ! ብሩኖ ተመለሰ!» ተባለ።

እኔ ግን ክሱን ነው የማየው። ኤፍቢአይ ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትሎ ያቀረበው የቪዲዮ ፖከር ማሽን፣ ሕገወጥ ውርርድና አራጣ ነው። ከክሶቹም አንዱ ምን ይላል መሰላችሁ? ሰውየው በአንድ የቆሻሻ ማንሻ ድርጅት ውስጥ የማይሠራበትን ሥራ የያዘው የጤና መድን ለማግኘት ነው ይላል። በዚህ አልተፈረደበትምና እውነት ነው አልልም። ግን የክሱን ልክ ተመልከቱ። በ1984 ክርክሩ ስለ ከንቲባ ነበር፤ በ2012 ክርክሩ ስለ ሐኪም ቤት ወጪ ሆነ። ከአቅም በታች ተከሶ ነጻ መውጣትን የኃይል ምልክት ማድረግ አይታየኝም።

ብሩኖም ዝም ብሎ ነበር፣ ሊጋምቢም ዝም ብሎ ነበር፤ የሁለቱ ዝምታ ግን አንድ አይደለም። ብሩኖ ዝም ያለው መጮህ ስለማያስፈልገው ነው።

ወደ 2020ው ክስ ልምጣ። መንግሥት ምክትል አለቃ ነው ያለው ስቲቨን ማዞኒ ከሌሎች 14 ሰዎች ጋር ተከሰሰ። ጋዜጦቹ የያዙት መሐላውን ነው፤ እውነትም ይስባል፤ በ2015 ቁጭ ብለው እንደ ጥንቱ ሥርዓት አዲስ ሰው ሲያስምሉ። ከዚያ በላይ የሳበኝ ግን ክሱ ዓላማቸው ብሎ ያስቀመጠው ነው፤ አትላንቲክ ሲቲን ዳግም በእጃቸው ማስገባት፤ ማለትም እዚያ የሚሠሩትን ውርርድ አጫዋቾችና አራጣ አበዳሪዎች ማስገበር።

አንደኛ፣ «ዳግም» የሚለው ቃል ራሱ ይናገራል። ያለው ሰው ዳግም ላግኝ አይልም። ሁለተኛ፣ ከመሐላው ዓመት አንድ ዓመት በፊት፣ በ2014፣ ከአትላንቲክ ሲቲ 12 ካሲኖዎች አራቱ ተዘግተዋል። ስካርፎ የያዛት ከተማ ወደ ላይ ስታድግ ነበር፤ እነዚህ ሊይዟት የተመኟት ስትወርድ ነው። ማዞኒ በ2022 ጥፋተኝነቱን አምኖ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ለስካርፎ የተፈረደበት 55 ዓመት ነበር።

ጥሩ፤ ታዲያ ዛሬ ቤተሰቡ ምን ይበላል?

የድሮው እንጀራው ሎተሪ፣ ውርርድና አራጣ ነበር። ሎተሪውን ፔንሲልቬንያ ራሷ በ1972 ወሰደችው። የቁማር ማሽኑን በ2004 ሕግ አውጥታ ፈቀደች፤ ካሲኖዎቹ ከ2006 ጀምሮ ተከፈቱ። የስፖርት ውርርዱን ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሜይ 2018 ለክልሎች ተወው፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲም ፔንሲልቬንያም ጀመሩ። አሁን የፊላዴልፊያ ልጅ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ይወራረዳል። እኛ ቤቲንግ ቤት በየሰፈሩ ሲከፈት ያየን ሰዎች ስለሆንን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቤተሰቡን ከኤፍቢአይ ይልቅ የጎዳው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ግን ሕገወጡ ውርርድ አልሞተም፤ ለምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ሕጋዊው መተግበሪያ አስቀድመህ ገንዘብህን አስገባ ይልሃል። የሰፈሩ አጫዋች ግን በዱቤ ያጫውትሃል። መዝገብ የለም፣ ግብር የለም፣ ሚስት የምታየው የባንክ ወረቀት የለም። ሰኞ ቀን ሒሳብ ይወራረዳል። ከሌለህስ? «ችግር የለም፤ አንድ ሰው አለ፣ ያበድርሃል» ይልሃል። አራጣው እዚህ ጋ ይገባል። ውርርዱ በር ነው፤ ገንዘቡ ያለው አራጣው ላይ ነው። ተበዳሪው ባንክ የዘጋበት፣ ለዘመድ መናገር ያፈረ ሰው ነው። ፖሊስ ጋ አይሄድም፤ ምን ብሎ ይሄዳል? ሕገወጥ ቁማር ተጫውቼ ተበላሁ ይበል?

ለዚህ ሰው ቤተሰቡ ከንቲባ ኖረው አልኖረው ምን አገባው? ለእሱ የሚያስፈልገው ስሙ ብቻ ነው። አበዳሪው «እኔ የእነ እንትና ሰው ነኝ» ካለ ይበቃል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ስካርፎ ከሞተ ዓመታት አልፈውታል፤ ስካርፎ የገደላቸው ሰዎች ግን ዛሬም ወለድ እየሰበሰቡለት ነው። ብር ለመሰብሰብ ማንንም መምታት የማያስፈልገው ለዚህ ነው። «አበቃ» የሚሉት ሰዎች የሳቱት ይህን ነው። ቤተሰቡ ከተማ ማዘዝ አይችልም፤ አንድ የተጨነቀ ሰው ግን ማዘዝ ይችላል።

ስሙ እንዲህ የሚሠራው ግን የሚያስታውሰው ሰው እስካለ ነው። ደቡብ ፊላዴልፊያ የድሮው ሠፈር አይደለም። የጣሊያን ገበያ የሚባለው ዘጠነኛ መንገድ ዛሬ ከሜክሲኮ ፑዌብላ በመጡ ሰዎች ሱቅ ተሞልቷል፤ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ ቬትናሞች ናቸው። የጣሊያኖቹ ልጆች ተምረው ወንዙን ተሻግረው ኒው ጀርሲ ገቡ። የፑዌብላው ነጋዴ ስካርፎ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ «እኔ የእነ እንትና ሰው ነኝ» ቢሉት «የእነ ማን?» ነው የሚለው። የእኛ ሰዎችም በብዛት ያሉት በምዕራብ ፊላዴልፊያ ነው፤ ባልቲሞር ጎዳና አካባቢ። ገንዘብ ሲቸግራቸው እቁብ አለ፤ ስለዚህ ነገሩ አይነካቸውም ብዬ እገምታለሁ።

የሜርሊኖ ነገርም ሳይነሳ አይቀርም። በ2016 ከ45 ሌሎች ሰዎች ጋር ኒውዮርክ ተከሶ፣ በ2018 ዳኝነቱ ሳይስማማ ቀርቶ፣ በመጨረሻ በአንድ የውርርድ ክስ ጥፋተኝነቱን አምኖ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። አሁን ፖድካስት አለው፤ ደቡብ ፊላዴልፊያ ውስጥ ቺዝስቴክ ቤት ከፍቷል። እሱ ማፊያ የሚባል ነገር ውስጥ የለሁበትም ባይ ነው። እኔ ስለ እሱ አልፈርድም፤ ግን ነገሩን በብሩኖ ዓይን እዩት። ብሩኖ ስሙ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ይታመም ነበር ቢባል አምናለሁ። ዛሬ ስሙ ራሱ ሸቀጥ ሆኗል፤ ታዋቂነት ከወንጀሉ በላይ ይከፍላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ይህን ቤተሰብ የሚመዝነው ማን ነው?

ድሮ የፔንሲልቬንያ የወንጀል ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። ሰው የማሰር ሥልጣን አልነበረውም፤ ሥራው መመርመርና ሪፖርት ማውጣት ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚነግድ፣ የትኛው ባር የማን ማሽን እንዳለው፣ የትኛው ድርጅት ከጀርባው ማን እንዳለ በስም ይጽፍ ነበር። እኔ በላይኛው አንቀጾች «አባል ያልሆኑ ሰዎች» ያልኳቸውን የሚከታተል እሱ ነበር። በ1994 ኮሚሽኑ የክልሉን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኧርኒ ፕሪትን ከቪዲዮ ፖከር ነጋዴዎች ጋር ስላለው ግንኙነት የሚከስ ሪፖርት አወጣ። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ ተዘጋ። በተከታዩ ዓመት ፕሪት ከምርጫ መዋጮ ጋር በተያያዘ ማጭበርበር ጥፋተኝነቱን አመነ፤ በኋላም እስር ቤት ገባ። ሚዛኑ ግን ተመልሶ አልተከፈተም።

ከ2001 የሴፕቴምበር ጥቃት በኋላ ደግሞ ኤፍቢአይ ብዙ ሰውን ከማፊያ ወደ ሽብር ጉዳይ አዞረ። የጋዜጣውም ነገር ይታወቃል። የኢንኳየረሩ ጆርጅ አናስታሲያ ለአሥርተ ዓመታት ይህን ቤተሰብ ብቻ ይከታተል ነበር፤ ስታንፋ ሊያስገድለው አስቦ እንደነበር በኋላ ተሰምቷል። ዛሬ አንድ ጋዜጠኛን ለሃያ ዓመት ችሎት ለችሎት እያንከራተተ ደመወዝ የሚከፍል ጋዜጣ የት አለ? እኔ በጽሑፍ ልክ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ፤ ሒሳቡን አውቀዋለሁ። የቀረው ዩቲዩብ ነው፤ ዩቲዩብ ደግሞ የሚከፍለው ለሬሳና ለመሐላ ነው፤ ለቆሻሻ ማንሻ ውል አይከፍልም።

ስለዚህ «ምንም አይታይም» ስንባል፣ ምንም ስለሌለ ነው ወይስ የሚያይ ስለሌለ? ፊላዴልፊያን በተመለከተ የኔ ግምት አብዛኛው ስለሌለ ነው የሚል ነው፤ ከንቲባና ዳኛ የያዘ ቤተሰብ ሃያ ዓመት ሙሉ በቪዲዮ ፖከር ክስ ብቻ አይያዝም ነበርና። ግን ግምት ነው።

ወደፊት የምከታተለውን ልንገራችሁ። ከ2020ው ክስ የታሰሩት አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ሲወጡ የሚደግሱትን ግብዣና የሚያስምሉትን ሰው ትቼ፣ ቀጣዩ ክስ ሲመጣ የማየው የሠራተኛ ማኅበር፣ የከተማ ውል፣ ወይም የባለሥልጣን ስም ተጠቅሶ እንደሆነ ነው። አንዱም ከታየ የጻፍኩትን ሁሉ እንደገና አስበዋለሁ።

ፊላና ደቡብ ጀርሲ ያላችሁ የዚህ ቻናል ቤተሰቦች፣ በታክሲውም በሬስቶራንቱም የምትሠሩ፣ በዱቤ የሚያጫውት ወይም በሳምንት ወለድ የሚያበድር ሰው ካጋጠማችሁ የማን ነኝ እንደሚል ጻፉልኝ። ስም አልፈልግም፤ የእናንተንም አላወጣም። የሳምንቱ ወለድ ስንት እንደሆነና ያልከፈለ ሰው ምን እንደተባለ ብቻ ንገሩኝ።